በደጋ ተወልደው ደጋ የተከለከሉት መምህርት ሻሺቱ ዳልጮ

መምህርት ሻሺቱ ዳልጮ በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ ወረዳ፣ ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ ዳንታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊሻን ጋልቻ ሚያዝያ 12 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሐና ነው። አባታቸው ሸማኔ ናቸው፤ እናታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፈታይ ነበሩ። ሻሺቱ ከታላቅ ወንድማቸው ከአቶ ታዴዎስ ቀጥለው ለቤቱ ሁለተኛ፣ ለሴቶቹ ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው።

ልጅ ሳሉ እግራቸው አያርፍም ነበር። ከሰፈራቸው እስከ ትምህርት ቤት ያለው ዳገት ሌላው ልጅ መሀሉ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ነው። ሻሺቱ ግን ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ከኋላ የቀረውን ሁሉ እየተረቡ ይወጡት እንደነበር አብሮ አደጎቻቸው ይመሰክራሉ።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው አገርነሽ ዳልጮ ናት። ዛሬ ጠዋት ረቂቁን ያዩ ዘመዶች «አገርነሽ፣ በቀብር ላይ የሚነበብ ነገር ነው፣ ለዘብ አድርጊው እንጂ» ብለዋታል። አገርነሽ ብትፈልግ ብትፈልግ የሚለዝብ ነገር አላገኘችም። ሻሺቱ በሕይወት ሳሉ ሁሉም ነገር ለዘብ ተደርጎ ሲነገር ነው እዚህ የተደረሰው። አንባቢውም ሳይዘል እንዲያነብ አደራ ተብሏል።

መምህርት ሻሺቱ አንደኛ ደረጃን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በጨንቻ ከተማ ተምረው፣ በ1991 ዓ.ም. ከመምህራን ማሰልጠኛ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተመረቁ። የመጀመሪያ ምድባቸው ገረሴ ነበር። እዚያ ሜዳ የሚባል ነገር ስላልነበረ ወላጆችን አስተባብረው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ተዳፋት በዶማ አስደልድለው ኳስ ሜዳ አደረጉት። ኳሱ ገደል ሲገባ ማን ይውረድ የሚለው ጭቅጭቅ ዛሬም ይወራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርዱት ራሳቸው ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. ወደ አርባ ምንጭ ተዛውረው ሲቀላ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሕመም እስኪያስቆማቸው ድረስ አስተማሩ። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ጎልማሶች መካከል «ሆድህን ሰብስብ፣ ደረትህን ንፋ፣ ምን እንደ ቅጠል ትወድቃለህ!» ያልተባለ ጥቂት ነው።

በ1996 ዓ.ም. ከአቶ አለምሰገድ ወርቁ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሴት ልጃቸውን ሚስጥርን እና ወንድ ልጃቸውን አሮንን አፍርተዋል። አቶ አለምሰገድ ሙዝ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልሱ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። የሾፌር ሚስት ኑሮ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሻሺቱ ግን «የእኔ ባል ሳምንት ጠፍቶ ሲመጣ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ እናንተ ያንኑ ፊት በየቀኑ ስታዩ ኑሩ» እያሉ ጎረቤቶቻቸውን ያስቁ ነበር።

ሕመማቸው በ2014 ዓ.ም. የታወቀው በፊሽካ ነው። ተማሪ ለማሰለፍ ፊሽካውን አፋቸው ውስጥ ከተው ነፉ፤ ድምፁ አልወጣም። የተበላሸ መስሏቸው ለአንድ ተማሪ ሰጡት። ልጁ ሲነፋው ግቢው ተናጋ። እሳቸውም ሳቁና «አርጅቻለሁ ማለት ነው» ብለው ነገሩን አለፉት። ከዚያ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት በእግር መውጣት ተዉ። ቀጥሎ ልብስ ማጠብ፣ ቀጥሎ አልጋ ማንጠፍ እንኳ የሚያስቀምጣቸው ሆነ።

ምክር ግን አልጎደለባቸውም። አንዱ ወፍረሻል አላቸው። አንዷ አስም ነው አለች። ሌላው የቆላ ወባ ደምሽን አቅጥኖት ነው አለ። በኋላ «የሳንባ ግፊት ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ሲሰማ ደግሞ ጎረቤት የደም ግፊት መለኪያ እየተዋሰ መጣ። ክንዳቸውን አስረው ለኩ፤ ደህና ነው። «ይኸው ምንም የለብሽም፤ ጨው ቀንሺ፣ ሽፈራው ቀቅለሽ ጠጪ» ተባሉ። ክንድ የሚናገረው የክንድን ነው። የሻሺቱ በሽታ ከልብ ተነሥቶ ወደ ሳንባ በሚሄደው የደም ቧንቧ ውስጥ ነበር። ቧንቧው ጠቦና ደድሮ፣ የቀኙ የልባቸው ክፍል በዚያ ጠባብ መንገድ ደም ሲገፋ ሲገፋ እየተለጠጠ ይደክም ነበር።

ይህ የታወቀው በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። ሐኪሞች በአንገታቸው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልባቸው አድርሰው ግፊቱን ለኩት። ሻሺቱ ሁለት ልጅ ሲወልዱ ድምፃቸው ያልተሰማ ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን «ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳታሳዩኝ፤ ከምትደግሙኝ አርባ ምንጬ ገብቼ ልሙት» አሉ። መድኃኒት ተጀመረላቸው። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ ግን ፊት ታይቶ አይታወቅም፤ ልቡን ራሱን እየተከታተሉ ማየት ያስፈልጋል። የሚከታተሏቸው ሐኪም ዶክተር ዮናስ ፍርሃታቸውን አይተው «እሺ፣ ከእንግዲህ በየስድስት ወሩ በኤም አር አይ እናየዋለን። ቱቦ የሚባል ነገር የለም። እርስዎ ይተኛሉ፣ ማሽኑ ከውጭ ሆኖ ልብዎን ፎቶ ያነሣል» አሏቸው። ሻሺቱ የሐኪሙን እጅ ይዘው ሳሙት፤ ሐኪሙ አፈሩ።

መጀመሪያ ማሽኑ ውስጥ የገቡት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። የሄዱት በባለቤታቸው መኪና፣ ከእህታቸው ከአገርነሽ ጋር ጋቢና ተጨናንቀው፣ ከኋላ ሙዝ ተጭኖ ነበር። ማሽኑ ማግኔት ስለሆነ ብረት ነክ ነገር ሁሉ ይወልቃልና የአንገት መስቀላቸውን አውልቀው ለእህታቸው ሰጡ። ማተባቸው ክር ስለሆነ አብሯቸው ገባ። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ልብ ፎቶ ሲነሣ ለትንሽ ጊዜ ትንፋሽ መያዝ ግድ ነው። ባለሙያዋ በድምፅ ማጉያው «ትንፋሽ ይያዙ» ስትል ሻሺቱ ከውስጥ ሆነው «ልጄ፣ ትንፋሽ አጣሁ ብዬ ብመጣ ያለችኝንም ያዢ ትዪኛለሽ?» ብለው ውጭ የቆመውን ሁሉ አሳቁት። ያዙት ግን። ስፖርት አስተማሪ ናቸው፣ ሲታዘዙ ያውቁበታል።

በመጀመሪያው ፎቶ ቀኝ ልባቸው ተለጥጦ የግራውን ሲያጣብበው ታየ፤ መድኃኒት ተጨመረላቸው። በሚያዝያ ሁለተኛው ሲነሣ ያ የተለጠጠው ክፍል ሰብሰብ ብሎ ተገኘ። ዶክተር ዮናስ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አሳዩአቸው። ሻሺቱ ልባቸው ስክሪኑ ላይ ስትመታ እያዩ «ይህችን ነው እንዴ ሰነፍ እያልኩ ስሰድብ የኖርኩት? ምስኪን፣ ስትለፋ ነው የኖረችው» አሉና አለቀሱ። ሦስተኛው ፎቶ ለጥቅምት 2018 ዓ.ም. ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ ሻሺቱ የሚያወሩት ስለዚያ ቀጠሮ ነበር። ልቤ ይበልጥ ሰብስቦ ይታያል፣ መድኃኒቱ ያዘኝ ማለት ነው፣ ሚስጥርን አስመርቃለሁ ይሉ ነበር። መኖር ይፈልጉ ነበር። ይህ ይሰመርበት፤ ከትናንት ጀምሮ «ዐረፈች፣ ተገላገለች» የሚል ሰው ስለበዛ ነው።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማሽኑ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከአርባ ምንጭ እጅግ ከፍ ያለ አገር ነው። ይህ በሽታ ከፍታ አይወድም። አየሩ ሲሳሳ የሳንባው ቧንቧ ይብሱን ይጨመደዳል፣ የደከመው ልብ ይብሱን ይለፋል። በዚህ ላይ የመንገዱ ርቀት አለ። ስለዚህ ሻሺቱ ለምርመራ በሄዱ ቁጥር ዝለው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ይመለሱና አርባ ምንጭ ጥቂት ሲሰነብቱ ይሻላቸው ነበር። ዶክተር ዮናስ ይህን አስቀድመው «ምርመራው ሲያልቅ አይደሩ፣ ቶሎ ይመለሱ። የእርስዎ አገር ቆላው ነው። ደጋ እንዳይወጡ» ብለው ነግረዋል። ዘመድ ግን ያየው ደህና ሄዳ ታማ መመለሷን ነው። ማን አሳመማት? ማሽኑ! ማግኔቱ የደሟን ብረት መጠጠው! መስቀሏን አስወልቀው ያስገቧት ሴት ምን ልትሆን ኖሯል? ይህ ወሬ ከጨንቻ እስከ ሲቀላ ለመዳረስ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

ወሬውን እንደ እውነት ያጸኑት ታላቅ ወንድማቸው አቶ ታዴዎስ ናቸው። እዚህ አሉ፣ ይስሙት። እህታቸውን አይወዱም የሚል የለም፤ ይወዳሉ። ፍቅራቸው ግን ጆሮ አልፈጠረበትም። አገርነሽ ሐኪሙ ያሉትን ደጋግማ ብታስረዳቸው መልሳቸው ያው ነበር፦ «በደጋ ተወልዳ ደጋ ይጎዳታል? የእኛ አገር አየር የታመመ ያስነሣል እንጂ ይገድላል እንዴ? ይህን ሐኪም ከየት ነው ያመጣችሁት?» እርግጥ ነው፣ በጋሞ ቆላ የጎዳው ሰው ደጋ ይወጣል። ወባ ያጎሳቆለው፣ ሙቀት ያዛለው እዚያ ወጥቶ ያገግማል። አባቶች ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ ብዙ ሰውም ድኖበታል። ለወባ የሠራ ለልብ ይሠራል ያለው ግን ማን ነው?

መስቀል ለጋሞ ሰው ምን እንደሆነ እዚህ መናገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የትም ያለ ልጅ ለመስቀል አባቱ ቤት ይገባል፤ ያልገባ እንደሞተ ይቆጠራል። አባታቸው አቶ ዳልጮ ዕድሜ ተጭኗቸው ከቤት አይወጡምና «ሻሺቱን ዓይኗን ልይ» ብለው ላኩ። መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አቶ አለምሰገድ ሙዝ ጭነው ሶዶን አልፈው ሳለ አቶ ታዴዎስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መኪና ይዘው ሲቀላ ወረዱ። ያሰቡትም ለበዓሉ ብቻ አልነበረም፤ ወር ሙሉ ደጋ አክርመው ሊያድኗቸው፣ የጥቅምቱንም ቀጠሮ ሊያስቀሩ ነበር። ሻሺቱ እምቢ አሉ። «ቀጠሮዬ ደርሷል፤ ደጋ አትውጪ ተብያለሁ። አባዬን በስልክ አነጋግረዋለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ለመኑ። አቶ ታዴዎስ ተነሥተው «ወይ ዘመን! ማሽን ከአባት በለጠ?» አሉ። ይህን የተባለች የጋሞ ልጅ ምን ትመልሳለች? ሻሺቱ ለሚስጥር «ኮራች ይሉኛል ልጄ፣ በዓሉን ውዬ እመለሳለሁ» ብለው ጋቢያቸውን ደረቡ። ሚስጥር አብራ ገባች።

መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ጠመዝማዛ ነው፣ ሽቅብ ነው፣ ከዶርዜ ወዲያ ጉም ነው። ዶርዜ ሲደርሱ ሻሺቱ «እስቲ አቁሙልኝ» አሉ። መኪና አዙሯት ነው ተብሎ ሎሚ ተሰጣቸው፤ ጉዞው ቀጠለ።

በአባት ቤት ደመራው ተለኮሰ፣ በሬው ታረደ፣ ቅቤው ፈሰሰ። ሻሺቱ በሩ ጥግ ተደግፈው ተቀምጠው ለመጣው ሁሉ ሳቁለት። አባታቸው እጃቸውን ይዘው «ለምን ትቀዘቅዣለሽ?» አሏቸው። በበዓሉ ማግሥት እግራቸው አበጠ፣ ከዚያ ጉልበታቸው፣ ከዚያ ሆዳቸው። ልባቸው መግፋት አቅቶት ውኃ መቋጠሩ ነበር። ሰው ግን ምን አለ? «ወፈረች! አያችሁ? ደጋው ተስማማት!» ተባለ። እልል ያለችም አለች። አይ እኛ!

ማክሰኞ ዕለት ሚስጥር ለዶክተር ዮናስ ደወለች። «አሁኑኑ አውርዷቸው፤ መውረዱ ራሱ ሕክምና ነው» አሏት። ልጅቱ አጎቷ እግር ላይ ወደቀች። አቶ ታዴዎስ «በመስቀል? እንግዳው ሳይሸኝ? ሐሙስ ስንወርድ አብራን ትወርዳለች» ብለው አነሷት። ቀጥላ ለአባቷ ደወለች። አቶ አለምሰገድ ጭነታቸውን መንገድ ላይ ለሌላ ሾፌር አስረክበው፣ ባዶ መኪናቸውን እያበረሩ ረቡዕ ጠዋት ጨንቻ ደረሱ። ማንንም ሳያነጋግሩ፣ ሰላም እንኳ ሳይሉ ሚስታቸውን በጋቢ ጠቅልለው አቅፈው ጋቢና ውስጥ አስቀመጧቸው። ዶርዜን አልፈው አባያ ሐይቅ ከታች መታየት ሲጀምር መምህርት ሻሺቱ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው በልጃቸው በሚስጥር ክንድ ላይ ዐረፉ። ሐሙስ ትወርዳለች ተብሎ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው።

«ቀኗ ደርሶ ነው» እየተባለ ነው። የሰው ቀን በእግዚአብሔር እጅ መሆኑን ይህ ቤተሰብ አይክድም። ነገር ግን በማሽኑ የታየው ልባቸው እየዳነ ነበር፤ ቀኑን ያስቀደመው ጆሮ ዳባ ልበስ ማለታችን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ «ማግኔት መጠጣት» ሲሉ የከረሙት ትናንት ደረታቸውን ሲደቁ ማየት ያማል። ለቅሷቸው ሐሰት አይደለም። ለሻሺቱ ግን ምን ይጠቅማቸዋል?

መምህርት ሻሺቱ አባታቸውን አቶ ዳልጮ ዳንታን፣ ባለቤታቸውን አቶ አለምሰገድ ወርቁን፣ ልጆቻቸውን ሚስጥር አለምሰገድን እና አሮን አለምሰገድን፣ ወንድማቸውን አቶ ታዴዎስን፣ እህታቸውን አገርነሽን፣ እንዲሁም በገረሴና በአርባ ምንጭ ሮጠው እንዲያድጉ ያደረጓቸውን ተማሪዎቻቸውን በሐዘን ትተው ሄደዋል። ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋና ያቀርባል።

ቤተሰቡ የሚያስታውቀውም ነገር አለ። ይህ በሽታ አንዳንዴ በዘር እንደሚወርድ ዶክተር ዮናስ ተናግረዋል። ሚስጥር ከዓመት ወዲህ ዩኒቨርሲቲዋ ውስጥ የመኝታ ክፍሏን ደረጃ ስትወጣ መሀሉ ላይ ቆማ ታርፋለች። እናቷ እንዳይደነግጡ ደብቃ ኖራ ትናንት ከሬሳው አጠገብ ለአክስቷ ተናገረች። ስለዚህ አርባው በጨንቻ በአባት ቤት ይወጣል ብለው አቶ ታዴዎስ ለእንግዳ የተናገሩት ቀርቷል፤ የሚወጣው እዚሁ አርባ ምንጭ ነው። አባታችን ሊያዩን ሲፈልጉ መኪና ልከን እናስመጣቸዋለን። ሚስጥር ለአርባም፣ ለሙት ዓመትም፣ ለመስቀልም ደጋ አትወጣም። የጥቅምቱ ቀጠሮም አልተሰረዘም፤ ዶክተር ዮናስ በእናቷ ቦታ እሷን ይቀበሏታል። ልቧ ይታያል። ስትመለስ ደክማ ያያት ሰው ውኃ ይስጣት እንጂ ምክር አይስጣት።

ዳገት በሌለበት፣ ትንፋሽ በማያጥርበት እግዚአብሔር የወለተ ሐናን ነፍስ ያሳርፍልን። ለሚስጥር ዕድሜ ይስጥልን። አሜን በሉ፤ አቶ ታዴዎስም ይበሉ።